በወናፍ የሚነድ እሳት፤ የቅንጣት ማፋጠኛንና የኒውክሌር ሪአክተርን የማጣመር ሐሳብ ታሪክ

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተመርቆ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ጣቢያ ሥራው በይፋ ሲበሠር፣ ከወደፊቱ ታላላቅ ውጥኖች መካከል አንዱ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ እንደሚሆን ተገለጸ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሩሲያ ለዚሁ ጣቢያ ግንባታ የሚያገለግል የድርጊት መርሐ ግብር በሞስኮ ተፈራረሙ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በሙያው ሰዎች ዘንድ የሚደረገው ውይይት መልኩን ለውጧል። ቀድሞ «ያስፈልገናል ወይ?» የነበረው ጥያቄ ዛሬ «ምን ዓይነት ሪአክተር፣ በምን ዓይነት የኤሌክትሪክ መረብ ላይ?» ወደሚል ተሸጋግሯል።

ይህ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ብቅ የሚል አንድ ሐሳብ አለ። ይኸውም የቅንጣት ማፋጠኛን ከኒውክሌር ሪአክተር ጋር አጣምሮ ኃይል ማመንጨት የሚለው ነው። ማፋጠኛው ካልሠራ ሪአክተሩ አይነድም፤ ማብሪያው ሲጠፋ እሳቱም ይሞታል፤ ነዳጁ ከዩራኒየም ሌላ ቶሪየም፣ ከዚያም አልፎ ከሌሎች ሪአክተሮች የወጣ ዝቃጭ ሊሆን ይችላል ይባላል። አባባሉ ሐሰት አይደለም። ዳሩ ግን ሐሳቡ ሰባ አምስት ዓመት ያስቆጠረ፣ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ የወደቀ አሮጌ ሐሳብ ነው። ታሪኩን ተከትሎ ለሚሄድ ሰው አንድ ነገር እየጎላ ይመጣል። ይህን መሣሪያ ያዘገየው የፊዚክስ ዕውቀት ማነስ ሳይሆን፣ ሳይቋረጥ የሚሠራ ማፋጠኛ የማግኘት ችግር ነው።

መቋረጥ ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ ወደ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልግም። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ኮምቦልቻም ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረድ ብላ በቦርከና ሸለቆ የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የቢራ ፋብሪካዎች ያሏት፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ የተከፈተባት የደቡብ ወሎ የፋብሪካ ከተማ ናት። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ ግን ከሩቅ ይመጣል። ከደቡብ ከአዲስ አበባ አቅጣጫ የሚመጣው፣ ወደ ሰሜን በአላማጣ በኩል ወደ መቀሌ የሚዘልቀው፣ ወደ ምሥራቅም ወደ ሰመራ የሚወርደው ከፍተኛ መስመር የሚገናኙት እዚያው ነው። የመፍተያ መኪና የሚያሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ መብራት ለሁለት ሴኮንድ ጠፍቶ ቢመለስ ሒሳቡ የሁለት ሴኮንድ አይደለም። በመቶ በሚቆጠሩ እንዝርቶች ላይ ፈትሉ ይበጠሳል፤ ክሩን አንድ በአንድ መቀጠል፣ መኪናውን እንደገና ማስነሣት፣ የተበላሸውን መጣል ይከተላል። የጎደለው ኃይል ኢምንት ሲሆን የባከነው ሥራ ግን የሰዓታት ነው። በኃይል መጠንና በኃይል ቀጣይነት መካከል ያለው ይህ ልዩነት ለሚከተለው ታሪክ ዋና ቁልፍ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ስለ አሠራሩ ጥቂት ማለት ይገባል። በተለመደው ሪአክተር ውስጥ አንድ ኒውትሮን የዩራኒየምን እምብርት ሲሰነጥቅ ሙቀትና ሌሎች ኒውትሮኖች ይወጣሉ፤ እነርሱም በተራቸው ሌላ እምብርት ይሰነጥቃሉ። ከአንዱ ትውልድ 100 ኒውትሮን ወጥቶ በቀጣዩ ትውልድ እንደገና 100 ከተገኘ፣ ሰንሰለቱ ሳይጨምርና ሳይቀንስ በራሱ ይዘልቃል። ይህ ራሱን የቻለ ሪአክተር ነው። በቀጣዩ ትውልድ 98 ብቻ ቢወለዱ ግን ሰንሰለቱ እየሳሳ ሄዶ ወዲያው ይጠፋል። ራሱን የማይችል ሪአክተር ማለት ይህ ነው፤ የሚነደውም ከውጭ ኒውትሮን ያለማቋረጥ ሲቀርብለት ብቻ ነው። ለምሳሌ ያህል የአገራችንን ባለ እጅ ወናፍ ማስታወስ ይበቃል። ከሰሉ ብቻውን ብረት ለማቅለጥ ሙቀት አይበቃውም፤ ወናፉ ሲነፋበት ይግማል፣ ወናፉ ሲቆም ይከስማል።

እዚህ ላይ ወናፉ ማፋጠኛው ነው። ፕሮቶኖች ወደ አንድ ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ደርሰው እንደ እርሳስ ያለ ከባድ ብረት ሲመቱ፣ እምብርቱ ኒውትሮኖችን ይረጫል። አንድ ፕሮቶን ከሃያ የማያንሱ ኒውትሮኖችን ያስወጣል፤ የሙያው ሰዎች ሂደቱን ስፓሌሽን ይሉታል። እነዚህ ኒውትሮኖች ራሱን በማይችለው ነዳጅ ውስጥ ገብተው ይባዛሉ። ብዜቱ ሪአክተሩ ራሱን ከመቻል በምን ያህል እንደራቀ ይወሰናል። ከመቶ ዘጠና አምስት ከሆነ እያንዳንዱ ኒውትሮን ወደ ሃያ፣ ዘጠና ስምንት ከሆነ ወደ ሃምሳ ያድጋል። እንግዲህ የጥምረቱ ጥበብ ሁሉ ያለው በዚህ ቁጥር ምርጫ ነው። ወደ መቶ ባስጠጉት መጠን ማፋጠኛው ሊያንስ ይችላል፤ የደኅንነቱ ርቀት ግን አብሮ ይጠባል።

ሐሳቡ በመጀመሪያ የተነሣው ለኃይል ሳይሆን ለጦር መሣሪያ ነበር። ሳይክሎትሮንን የፈለሰፈውና በ1939 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ኤርነስት ሎረንስ ትላልቅ ማፋጠኛዎችን በመሥራት ወደር ያልነበረው ሰው ነው። ግሌን ሲቦርግና ባልደረቦቹም በ1941 ፕሉቶኒየምን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኙት በዚያው በበርክሌይ ሳይክሎትሮን ነበር። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ አንድ ሥጋት ያዛት። የቦምብ ጥሬ ዕቃ የሆነውን ዩራኒየም በብዛት የምታገኘው ከውጭ ሲሆን፣ ዋነኛው ምንጭ በቤልጂየም ኮንጎ በካታንጋ የሚገኘው የሺንኮሎብዌ ማዕድን ነበር። ነሐሴ 1949 ሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያውን የኒውክሌር ቦምቧን ስትሞክር ሥጋቱ ወደ ጥድፊያ ተለወጠ። በዚህ ጊዜ ሎረንስ አንድ መፍትሔ አቀረበ። ዩራኒየም ከአፍሪካ የሚመጣበት መንገድ ቢዘጋ፣ ከማበልጸግ ሥራ የሚተርፈውንና ለቦምብ የማይሆነውን ዩራኒየም በማፋጠኛ ኒውትሮን እየመቱ ወደ ፕሉቶኒየም መለወጥ ይቻላል አለ።

እቅዱ «ማቴሪያልስ ቴስቲንግ አክስለሬተር» የሚል ስያሜ ተሰጠው። ስሙ ሆን ተብሎ ሥራውን እንዲሰውር የወጣ ይመስላል፤ ቃል በቃል ሲታይ ዕቃ መመርመሪያ ማፋጠኛ ማለት ነውና። በካሊፎርኒያ ሊቨርሞር በተባለ ቦታ፣ የባሕር ኃይል የአየር ጣቢያ በነበረ መሬት ላይ ከ1950 ጀምሮ ማርክ አንድ የተባለው የመጀመሪያው ክፍል ተሠራ። አየር የተመጠጠበት በርሜሉ ርዝመቱም ስፋቱም 18 ሜትር ገደማ ነበር። በዚህ ግዙፍ በርሜል ውስጥ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲፈጠር የኤሌክትሪክ ብልጭታ እየዘለለ ጨረሩን ያቋርጠው ነበር። ማቋረጥ የዚህ ቴክኖሎጂ የትውልድ በሽታ መሆኑ ከመጀመሪያው መሣሪያ ጀምሮ መታየቱ ልብ ሊባል ይገባል።

ማርክ አንድ ተሠርቶ ጨረር ሰጥቷል። ዋናው የማምረቻ መሣሪያ ግን ከቶ አልተሠራም። መንግሥት ዩራኒየም ላገኘ ሁሉ ጥሩ ዋጋ እንደሚከፍል ባሳወቀ ጊዜ፣ ፈላጊዎች በኮሎራዶ አምባ ብዙ ማዕድን አገኙ፤ በ1954 እቅዱ ተዘጋ። መሬቱ ግን ባዶ አልቀረም፤ በ1952 የተቋቋመው የሊቨርሞር የጦር መሣሪያ ምርምር ተቋም ዛሬም እዚያው ነው። ለአፍሪካ አንባቢ ይህ ምዕራፍ ከቴክኒክ ታሪክነት ያልፋል። ሃያኛው ክፍለ ዘመን ካሰባቸው እጅግ ውድ መሣሪያዎች አንዱ የተፀነሰው የካታንጋ ጉድጓድ ቢዘጋስ ከሚል ፍርሃት ነበር። ከመሬት ቆፍሮ ማውጣት በማፋጠኛ ከመሥራት የረከሰ ሆኖ ሲገኝ መሣሪያው ተረሳ። ይኸው የዋጋ ንጽጽር ከዚያ በኋላም ደጋግሞ ዳኛ ሆኗል።

ሁለተኛው ሙከራ የካናዳ ነው። በቻልክ ሪቨር የምርምር ጣቢያ የነበረው ዊልፍሪድ ቤኔት ሉዊስ፣ በከፍተኛ ጉልበት የተመታ ከባድ እምብርት የሚያወጣው የኒውትሮን ብዛት ለኃይል ኢኮኖሚ ምን ትርጉም እንዳለው ገና በ1952 ጽፎ ነበር። ካናዳ በከባድ ውሃ የሚሠሩ ሪአክተሮችን ስትገነባ፣ እርሱ አሻግሮ ያየው ከቶሪየም አዲስ ነዳጅ የሚፈጠርበትን ዘመን ነው። በ1960ዎቹ ጣቢያው ታላቅ የኒውትሮን ምንጭ ለመሥራት አቀደ። ፕሮቶኖቹ አንድ ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት፣ የጨረሩም መጠን 65 ሚሊአምፔር፣ ዒላማው የቀለጠ እርሳስና ቢዝሙት ድብልቅ እንዲሆን ነበር የታሰበው። መንግሥት በ1968 ዋጋውን ተመልክቶ እቅዱን ሰረዘው።

በዚያው ዘመን በአገራችን ይደረግ የነበረውን ከዚህ ጎን ማስቀመጥ ይጠቅማል። ኢትዮጵያ ዓለም አቀፉ የአቶም ኃይል ኤጀንሲ በተቋቋመበት በ1957 አባል ሆናለች። ይሁንና ጎረቤት ለመባል በማይርቀው በኮንጎ፣ በኪንሻሳ፣ በ1959 የአፍሪካ የመጀመሪያው የምርምር ሪአክተር ሲነሣ፣ ኢትዮጵያ ፊቷን ወደ ወንዞቿ አዞረች። በ1956 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ1960 የቆቃ ግድብ 43 ሜጋዋት ያህል ማመንጨት ጀመረ፤ በ1964 ጢስ ዓባይ፣ በ1973 ደግሞ 100 ሜጋዋት ያለው ፊንጫ ተከተሉ። ከዚህ ላይ አንድ ሒሳብ ማስላት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። አንድ ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት በ65 ሚሊአምፔር ሲባዛ 65 ሜጋዋት ነው። ካናዳ ልትሠራው ያሰበችው ማፋጠኛ በጨረሩ ብቻ የሚሸከመው ኃይል፣ ከመረቡ የሚስበው ሳይቆጠር፣ ቆቃ ከሚያመነጨው ይበልጥ ነበር። ወናፉ ብቻውን የአንድ አገር ዋና ጣቢያ የሚጠይቅ ከሆነ፣ እሳቱን ማንደድ የሚችለው አስቀድሞ ብዙ ኃይል ያለው አገር ነው። የውሃ ኃይልን ያስቀደሙት የዚያን ዘመን መሐንዲሶች ምርጫ ትክክል ነበር፤ ዛሬም የሚነቀፍበት ምክንያት የለም።

ሐሳቡ ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሣ ጥያቄው ተለውጦ ነበር። የ1979ኙ የትሪ ማይል ደሴትና የ1986ቱ የቼርኖቢል አደጋዎች የሕዝብን እምነት አናግተዋል። ያገለገለው ነዳጅም በየጣቢያው ተከማችቶ፣ ውስጡ ያሉት ፕሉቶኒየም፣ አሜሪሲየምና ኩሪየም ለብዙ ሺህ ዓመታት አደገኛነታቸው እንደማይጠፋ የታወቀ ሆነ። እነዚህን ረዥም ዕድሜ ያላቸውን ንጥረ ነገሮች በኒውትሮን መትቶ ዕድሜያቸው ወደ አጠረ ነገሮች መለወጥ ይቻላል፤ ችግሩ በተለመደው ሪአክተር ውስጥ በብዛት ማንደድ አስቸጋሪ መሆኑ ነው። ምክንያቱ የሚከተለው ነው። ሪአክተርን በሰው እጅ ለመቆጣጠር ያስቻለው፣ ከኒውትሮኖቹ መካከል ጥቂቶቹ ዘግይተው መውጣታቸው ነው። በዩራኒየም 235 እነዚህ ዘግይተው የሚወጡት ከመቶ 0.65 ያህል ናቸው፤ በፕሉቶኒየም 239 ወደ 0.2 ይወርዳሉ፤ በአሜሪሲየም ይብሱኑ ያንሳሉ። ስለዚህ የመቆጣጠሪያው ልጓም እየሳሳ ይሄዳል። ራሱን የማይችል ሪአክተር ግን ልጓሙ ከውጭ፣ ከማፋጠኛው ዘንድ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን አስቸጋሪ ነዳጅ በብዛት ሊሸከም ይችላል። የጥምረቱ እውነተኛ ብልጫ ይህ እንጂ በተደጋጋሚ የሚነገርለት የኤሌክትሪክ ርካሽነት አይደለም።

በሎስ አላሞስ ቻርልስ ባውማንና ባልደረቦቹ በ1992 ሙሉ ንድፍ አሳተሙ። ሐሳቡን በዓለም ዘንድ ያሳወቀው ግን ካርሎ ሩቢያ ነው። ይህ ጣልያናዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1984 የኖቤል ሽልማት ያገኘ፣ በጄኔቭ አጠገብ የሚገኘውን የሴርንን ተቋም በዋና ዳይሬክተርነት የመራ ሰው ነበር። በ1993 መጨረሻ «የኃይል ማጉያ» ብሎ የሰየመውን መሣሪያ ለሕዝብ አስታወቀ። ንግግሩ የሚማርክ፣ ተስፋውም ሰፊ ነበር፤ እንዲያውም አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቹን ያስቆጣው ይኸው ሰፊ ተስፋ ነው። ይሁን እንጂ በቃል ብቻ አልቀረም። በ1994 በሴርን 3.6 ቶን የተፈጥሮ ዩራኒየም በውሃ ውስጥ ተደርድሮ በፕሮቶን ሲመታ፣ ጨረሩ ካስገባው ጉልበት ሠላሳ እጥፍ ያህል በሙቀት መልክ ተገኘ። በ1996 እና በ1997 ደግሞ 334 ቶን ንጹሕ እርሳስ ተከምሮ ኒውትሮኖች በውስጡ እንዴት እንደሚጓዙና ረዥም ዕድሜ ያላቸውን ንጥረ ነገሮች እንዴት እንደሚለውጡ ተለካ። ፊዚክሱ እንደ ተተነበየው ሆኖ ተገኘ።

በ1995 የታተመው የሩቢያ ንድፍ አንድ ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልትና 12.5 ሚሊአምፔር ያለው ማፋጠኛ፣ ከመቶ 98 የሆነ ብዜት፣ 1,500 ሜጋዋት ሙቀት ነበረው። ነዳጁ በዋናነት ቶሪየም ነው። ቶሪየም ኒውትሮን ሲውጥ ወደ ፕሮታክቲኒየም፣ ይህም በ27 ቀን ግማሽ ዕድሜ ወደ ዩራኒየም 233 ይለወጣል፤ የሚሰነጠቀውም እርሱ ነው። ሙቀቱን የሚያጓጉዘው 10,000 ቶን ያህል የቀለጠ እርሳስ ነው። እርሳሱ ሠላሳ ሜትር ያህል ቁመት ባለው ጋን ውስጥ የሞቀው እየወጣ፣ የቀዘቀዘው እየወረደ፣ ያለ ፓምፕ በራሱ ይዞራል። ከሁሉም ንድፎች ይህ ክፍል የበለጠ ሊደነቅ የሚገባው ነው፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይገለጣል።

ከዚህ ንድፍ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ከ600 ሜጋዋት በላይ ነው። ንድፉ በታተመበት ጊዜ ኢትዮጵያ ቆቃን፣ አዋሽን፣ ፊንጫንና መልካ ዋከናን ጨምሮ የነበሯት ማመንጫዎች ተደምረው 500 ሜጋዋት አይሞሉም ነበር። በኃይል ምሕንድስና የተለመደው ደንብ ደግሞ አንድ ማመንጫ ክፍል ከመረቡ አጠቃላይ ዐቅም ከአንድ አሥረኛ ብዙ መብለጥ የለበትም የሚል ነው፤ ያ ክፍል በድንገት ቢወጣ መረቡ ይዞት እንዳይወድቅ። ዛሬ ሒሳቡ ተለውጧል። የሕዳሴው ግድብ አሥራ ሦስት ክፍሎች እያንዳንዳቸው 400 ሜጋዋት ገደማ ናቸውና፣ መረቡ ትላልቅ ክፍሎችን መሸከም እየለመደ ነው። ነገር ግን አንድ የውሃ ተርባይን በዓመት ጥቂት ጊዜ በድንገት ቢወጣ አንድ ነገር ነው፤ በቀን ብዙ ጊዜ የሚወጣና የሚገባ ማመንጫ ሌላ ነገር ነው።

የማፋጠኛው ችግርም እዚህ ላይ ይገለጣል። ማፋጠኞች የተሠሩት ለምርምር ነው። ተመራማሪ ጨረሩ ለአንድ ደቂቃ ቢቋረጥበት ቡና ጠጥቶ ይጠብቃል። በስዊዘርላንድ ፊሊገን የሚገኘው የፖል ሼረር ኢንስቲትዩት ሳይክሎትሮን ከ1974 ጀምሮ የሚሠራ፣ በዓለም ካሉት ኃይለኛ ፕሮቶን ማፋጠኞች አንዱ የሆነና ከአንድ ሜጋዋት በላይ ጨረር የሚሰጥ ነው። እርሱም ቢሆን በቀን ብዙ ጊዜ ለአጭር ጊዜ ይቋረጣል፤ ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላም ይመለሳል። ለምርምር ይህ እጅግ የተመሰገነ አሠራር ነው። ሪአክተር ሲጣመርበት ግን ጨረሩ በተቋረጠ ቁጥር የነዳጁ ሙቀት በሴኮንዶች ውስጥ ይወድቃል፤ ሲመለስ ይነሣል። የነዳጁ ሽፋንና ጋኑን የያዘው ብረት በዚህ መጨማደድና መለጠጥ ይደክማሉ፤ ድካሙ ሲደጋገም ይሰነጠቃሉ። ተርባይኑም ከመረቡ ይወጣል። የኮምቦልቻ ፈታይ ክሩን የሚቀጥለው በእጁ ነው፤ በቀለጠ እርሳስ ውስጥ ያለን የተሰነጠቀ ብረት ግን ማንም በእጁ ሊቀጥለው አይችልም።

በቤልጂየም ሞል የሚገኘው የኒውክሌር ምርምር ማእከል ሚራ ለተባለው እቅዱ ያወጣው መስፈርት ችግሩን በቁጥር ያሳያል። በሦስት ወር የሥራ ዙር ውስጥ ከሦስት ሴኮንድ የሚበልጥ መቋረጥ ከአሥር ጊዜ በላይ መከሠት የለበትም ይላል። ይህን ለማሟላት የተመረጠው ዘዴ ለኃይል መሐንዲስ እንግዳ አይደለም። ወሳኝ የሆነው የማፋጠኛው መነሻ ክፍል ሁለት ሆኖ አንዱ ሲበላሽ ሌላው እንዲተካ፤ ተከታዮቹ ክፍሎች ደግሞ ከዐቅማቸው በታች እየሠሩ፣ አንዱ ሲወድቅ ጎረቤቶቹ ሸክሙን እንዲከፋፈሉ ማድረግ ነው። በማከፋፈያ ጣቢያ ሁለት ትራንስፎርመር ጎን ለጎን የሚቆሙት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ በአጭሩ ሊነገር ይችላል። በ2006 በዚያው በፊሊገን ሜጋፓይ የተባለው የቀለጠ እርሳስና ቢዝሙት ዒላማ ለአራት ወር ያህል አንድ ሜጋዋት ገደማ ጨረር ተሸክሞ በደኅና ተጠናቀቀ። በ2009 በጃፓን የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ከማፋጠኛ የወጡ የስፓሌሽን ኒውትሮኖች በአነስተኛ የሙከራ ሪአክተር ውስጥ ገቡ። ጊኒቨር በተባለው ሙከራም በሞል ማፋጠኛና በእርሳስ የተሞላ ሪአክተር በ2011 ተጣመሩ፤ ኃይሉ ግን ለመለኪያ ያህል ብቻ ነው። ቻይና በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር በሁዌይጆ 500 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ማፋጠኛ ያለው የሙከራ ጣቢያ መገንባት በ2021 ጀምራለች። የቤልጂየም መንግሥት በ2018 ለሚራ 558 ሚሊዮን ዩሮ መደበ። እስከ ዛሬ ድረስ ግን በዚህ ዘዴ ለከተማ ኤሌክትሪክ የሰጠ አንድም ጣቢያ በዓለም ላይ የለም።

ከዚህ ታሪክ አንጻር «ማብሪያው ሲጠፋ እሳቱ ይሞታል» የሚለው አባባል ምን ያህል እንደሚያስተማምን መመርመር ያስፈልጋል። ጨረሩ ሲቆም መሰንጠቁ ይቆማል፤ ይህ እውነት ነው። ሙቀቱ ግን አይቆምም። በነዳጁ ውስጥ የተከማቹት የስንጥቅ ውጤቶች ራሳቸው እየፈረሱ ሙቀት ይሰጣሉ። ሪአክተሩ በቆመበት ቅጽበት ይህ ሙቀት ከመቶ ስድስት ወይም ሰባት ያህል ነው። በ1,500 ሜጋዋት ሪአክተር ይህ ከመቶ ሜጋዋት ብዙም አይርቅም፤ ከአንድ ቀን በኋላም ቢሆን ከመቶ ግማሽ ገደማ ይቀራል። በ2011 በጃፓን ፉኩሺማ የሆነው ይኸው ነው። ሪአክተሮቹ በመሬት መንቀጥቀጡ ጊዜ በሥርዓት ቆመዋል፤ ያቀለጣቸው ከቆሙ በኋላ የቀረው ሙቀትና የማቀዝቀዣው ኤሌክትሪክ መቋረጥ ነው። የከሰመ ፍምም ቢሆን አመዱ ሥር ገብቶ ማደሩን የወሎ እመቤት ሁሉ ታውቃለች።

ይህ ጉዳይ ለደሴና ለኮምቦልቻ በሩቅ የሚሰማ ነገር አይደለም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች በደረሰ ጊዜ ነዋሪዎቻቸው ለሳምንታት ያለ ኤሌክትሪክ ቆይተዋል። ሆስፒታልና ወፍጮ፣ የውሃ ፓምፕና ባንክ አብረው ቆሙ፤ በፋብሪካዎችም ላይ ጉዳት ደረሰ። ከዚያ በዓመቱ ገደማ በዩክሬን የዛፖሪዥያ የኒውክሌር ጣቢያ ስድስት ሪአክተሮች በጦር ግንባር መካከል ቀርተው፣ የውጭ ኤሌክትሪክ መስመራቸው ደጋግሞ ተበጥሶ፣ ማቀዝቀዣቸው በናፍጣ ጄኔሬተር ሲደገፍ ዓለም ተመለከተ። ስለዚህ በኢትዮጵያ ስለሚተከል ማንኛውም ሪአክተር፣ ማፋጠኛ ይኑረው አይኑረው፣ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ስንት ሜጋዋት ይሰጣል የሚለው አይደለም። መስመሩ ተበጥሶ፣ የናፍጣ መኪናም መንገድ ተዘግቶበት ስንት ቀን ራሱን ማቀዝቀዝ ይችላል ነው። ከላይ የሩቢያ እርሳስ ያለ ፓምፕ መዞሩ ሊደነቅ ይገባል የተባለው ስለዚህ ነው። ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት አዳዲስ የውሃ ሪአክተሮችም በዚህ አቅጣጫ ተሻሽለዋል፤ መሻሻላቸው ግን በወረቀት ላይ በተጻፈ ቀን ቁጥር ሊመዘን ይገባል። ከድርድሩ ጠረጴዛ ይህ ቁጥር እንዳይዘነጋ ማሳሰብ የመሐንዲሱ ድርሻ ነው።

ማፋጠኛና ሪአክተር የተጣመሩበት ጣቢያ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያ ምርጫ ሊሆን አይችልም። ብዙ ኃይል ከመረቡ ይስባል፤ የመረቡ መንቀጥቀጥ ጨረሩን ያቋርጣል፤ የጨረሩ መቋረጥ ደግሞ ተመልሶ መረቡን ያንቀጠቅጣል። በጽኑ መረብ ላይ እንኳ ገና ያልተፈታን ችግር መስመሩ በሚበጠስበት አገር ማስቀደም አይገባም። ከዚህ ጋር ግን የሚያያዝ ሌላ ነገር አለ። የተለመደው ሪአክተር ከተሠራ ያገለገለ ነዳጅ ይኖራል፤ ያ ነዳጅ ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚረከበው፣ በማን ወጪ እንደሚጠበቅ ከግንባታው በፊት መወሰን አለበት። ማፋጠኛው ለእኛ ትርጉም ሊኖረው የሚችለው ምናልባት በዚህ በኩል፣ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

የሚያስፈልገው የሰው ኃይል ግን ዐሥርት ዓመታትን አይጠብቅም። ኢትዮጵያ የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣንን በአዋጅ ያቋቋመችው በ1993 ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰር ሕሙማን በኮባልት 60 መታከም የጀመሩት በ1997 ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ቀጥተኛ የኤሌክትሮን ማፋጠኛ ለሕክምና ገብቷል። ይህ መሣሪያ ጉልበቱ ለሪአክተር ከሚያስፈልገው ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ የሚያስቸግረው ነገር ግን አንድ ዓይነት ነው። አየር የተመጠጠበት ቱቦ፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ የማቀዝቀዣ ውሃ፣ የማይዋዥቅ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ሲበላሽም መለዋወጫውንና ጠጋኙን ከውጭ የሚጠብቅ ከሆነ ሕሙማን ወረፋ ይዘው ይቀመጣሉ። በኮምቦልቻ የሚገኘው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የኤሌክትሪክና የመካኒክ መሐንዲሶችን ያሠለጥናል። ከዚያ ለሚወጣ ወጣት እንዲህ ያለውን መሣሪያ ሳይቋረጥ ማሠራት መማር ለኒውክሌር ዘመን ከሚደረጉ ዝግጅቶች ሁሉ ቅርቡና ርካሹ ነው።

በሞል አሁን በመሠራት ላይ ያለው የእቅዱ የመጀመሪያ ምዕራፍ ሚኔርቫ ይባላል። ፕሮቶኖችን እስከ 100 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት የሚያፋጥን ቀጥተኛ መሣሪያ ሲሆን፣ ሪአክተር የለውም። ግንበኞቹ ሪአክተሩን ወደ ኋላ ያቆዩት በቅድሚያ አንድ ነገር ለማረጋገጥ ነው፤ በሦስት ወር ውስጥ ጨረሩ ስንት ጊዜ ከሦስት ሴኮንድ በላይ እንደሚቋረጥ ቆጥረው ለማየት።